ወደ ሳንቲያጎ በብርድ ወራት፦ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሩ የሚጓዝ ሰው ምን ሰንቆ ይነሣ?

በፈረንሳይና በስፔን ድንበር፣ ከፒሬኔ ተራሮች ሥር ሳን ዣን ፒዬ ደ ፖር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በስፔን ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ወደምትገኘው ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ በእግራቸው ከሚጓዙ ምእመናን ብዙዎቹ መንገዳቸውን የሚጀምሩት ከእርሷ ነው። ከከተማዋ ተነሥቶ ወደ ስፔን የሚሻገር ሰው ሁለት አማራጭ አለው። አንደኛው በናፖሊዮን ስም የሚጠራው፣ እስከ 1,430 ሜትር ግድም ከፍታ የሚወጣው የተራራ መንገድ ነው። ሁለተኛው በቫልካርሎስ ሸለቆ በኩል የሚያልፈው ዝቅ ያለው መንገድ ነው። በየዓመቱ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31፣ በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት ማገባደጃ እስከ መጋቢት ማገባደጃ መሆኑ ነው፣ የተራራውን መንገድ የስፔኗ የናቫራ ክልል መንግሥት ይዘጋዋል። በጉምና በበረዶ መንገድ ስተው እዚያው የቀሩ ተጓዦች ስለነበሩ ነው የሚዘጋው። ክልከላውን ጥሶ ወጥቶ የነፍስ አድን ሠራተኞች ያወረዱት ሰው ወጪውን እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል።

ይህ ክልከላ የብርድ ወራት ጉዞ ምን ዓይነት እንደሆነ ገና ከመነሻው ይናገራል። በበጋ የሚጓዝ ሰው ዛሬ የት ድረስ ልሂድ ብሎ የሚጠይቀው ጉልበቱን ነው። በብርድ ወራት ግን ጥያቄው ሦስት ነው፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ስንት ሰዓት አለ? ሰማዩ ምን ይላል? ማታ የሚከፈትልኝ በር የት ነው? ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነሣ ሰው ገንዘቡን በጫማና በጃኬት ላይ ከማፍሰሱ በፊት በእነዚህ ሦስቱ ዙሪያ ሐሳቡን ቢያደራጅ ይበጀዋል።

ከተማዋ በስሙ የምትጠራው ቅዱስ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት አንዱ፣ የዮሐንስ ወንጌላዊ ወንድም፣ ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ላይ ሄሮድስ በሰይፍ እንዳስገደለው ተጽፏል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ሚያዝያ 17 ቀን ታስበዋለች። በምዕራባውያን ትውፊት ሐዋርያው በስፔን ምድር አስተምሯል፣ ከሰማዕትነቱ በኋላም ደቀ መዛሙርቱ ሥጋውን በጀልባ አምጥተው ሳንቲያጎ በምትገኝበት በጋሊሲያ ቀብረውታል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም መቃብሩ ተገኘ ሲባል የአስቱሪያስ ንጉሥ ዳግማዊ አልፎንሶ ከዋና ከተማው ከኦቪዬዶ ተነሥቶ ሊሳለም እንደሄደ ይነገራል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተጠናቀረው ኮዴክስ ካሊክስቲኑስ በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ የመንገዱን ወንዞች፣ ከተሞችና አብያተ ክርስቲያናት ለተጓዥ የሚያስረዳ ክፍል አለ። የአውሮፓ ምክር ቤት መንገዱን እ.ኤ.አ. በ1987 የመጀመሪያው የአውሮፓ የባህል መስመር ብሎ ሰይሞታል፤ የስፔኑን ክፍል ዩኔስኮ በ1993 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የሳን ዣኑ መስመር 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በደኅናው ወቅት ከ30 እስከ 35 ቀን ይወስዳል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ሳንቲያጎ ደርሰው የተመዘገቡት ተጓዦች ግማሽ ሚሊዮን ሊሞሉ ጥቂት ነበር የቀራቸው። ከእነዚህ ውስጥ በጃንዋሪ የሚደርሱት ግን ጥቂት ሺህ ብቻ ናቸው። ብርዱን መርጠው የሚነሡ ሰዎች ምክንያታቸው ብዙ ነው። በአውሮፓ የሚሠራ ሰው ረዘም ያለ ዕረፍት የሚያገኘው በገና ሰሞን ሊሆን ይችላል። በኦገስት አልጋ ለማግኘት ገና ሳይነጋ የሚሽቀዳደመው ሕዝብ በብርድ ወራት የለም፤ የካስቲያን ሜዳ የሚያነደው የበጋ ሐሩርም የለም። ከሁሉ በላይ ግን ጸጥታው ነው። ለጸሎት የወጣ ሰው ቀኑን ሙሉ የራሱን እርምጃ ብቻ እየሰማ የሚውልበት መንገድ በበጋ አያገኝም። በታኅሣሥ ውርጭ ለገና ወደ ላሊበላ በእግሩ የሚገሰግሰውን ምእመን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ፣ በብርድ ወራት ለበረከት መንገድ መውጣት የሚያስደንቅ ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው ስንቅ ብርሃን ነው። በዲሴምበር መጨረሻ ሳንቲያጎ ላይ ፀሐይ የምትወጣው በስፔን ሰዓት ወደ ዘጠኝ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ግድም ነው። የምትጠልቀው ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። መሐሉ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ! በዓመቱ አጭር ቀን እንኳ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን ለምናገኝ ሰዎች ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ቦርሳ የተሸከመ ጀማሪ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ቢሄድ ጎበዝ ነው፤ ጭቃና ዳገት ካለ ሦስትም ላይሞላ ይችላል። ምሳ፣ የጫማ ማሰሪያ፣ የዝናብ ልብስ መልበስና ማውለቅ ሲደመርበት 25 ኪሎ ሜትር ብርሃኑን አሟጦ ይጨርሳል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ሳምንት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር የሚሆን የቀን መንገድ ማቀድ ብልህነት እንጂ ስንፍና አይደለም። ለሙሉው መንገድ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሳምንት መጠባበቂያ መያዝ ይገባል። የመመለሻ አውሮፕላን ትኬቱን በጠባብ ቀን የቆረጠ ሰው፣ ማዕበል በተነገረበት ጠዋት «ዛሬስ እዚሁ እውላለሁ» ለማለት አቅም ያጣል። አደጋ የሚመጣው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

የግንባር መብራትና አንጸባራቂ ሰደርያም የሚዘነጉ አይደሉም። በስፔን ሕግ ከከተማ ውጪ በመኪና መንገድ ዳር በጨለማ ወይም በጉም የሚሄድ እግረኛ አንጸባራቂ ነገር መልበስ አለበት። የቫልካርሎሱ አማራጭ ደግሞ ጠመዝማዛውን የመኪና መንገድ የሚይዝባቸው ቦታዎች አሉት።

ሁለተኛው ስንቅ በር ነው። በመንገዱ ላይ አልቤርጌ የሚባሉ የተጓዦች ማደሪያዎች አሉ፤ ከፊሎቹ የቤተ ክርስቲያን፣ ከፊሎቹ የማዘጋጃ ቤት፣ የቀሩት የግለሰብ ናቸው። በበጋ በየመንደሩ ሁለት ሦስት የሚገኙት እነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በብርድ ወራት ይዘጋሉ፤ የመንደሩ ቡና ቤትና ሱቅም አብሮ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በብርድ ወራት ክፍት የሆኑትን ብቻ ለይተው የሚዘረዝሩ ድረ ገጾች አሉ፤ ተጓዡ ሁልጊዜ ማታ ተቀምጦ የነገውን ማደሪያ ከዚያ ያያል፣ ቀጥሎ ይደውላል። መደወሉ ግዴታ ነው። ዝርዝሩ ላይ ክፍት ነው የተባለ ቤት ባለቤቱ ታሞ ወይም የገና በዓልን ከልጆቹ ጋር ሊያሳልፍ ሄዶ ሊዘጋ ይችላል። ጥቂት የስፔን ቃላት እዚህ ላይ ብዙ ይረዳሉ፤ በትናንሽ መንደሮች ስልክ የሚያነሡት አዛውንቶች እንግሊዝኛ ላያውቁ ይችላሉና። በመጨረሻው ክፍል በጋሊሲያ የክልሉ መንግሥት የሚያስተዳድራቸው ማደሪያዎች በአብዛኛው ዓመቱን ሙሉ ስለሚሠሩ፣ ወደ 10 ዩሮ በሚሆን ዋጋ አልጋ ማግኘት ይቀላል። ክፍት የሆነው ማደሪያ ሁሉ ሞቃት ነው ማለት ግን አይደለም። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ባላቸው አሮጌ ቤቶች ማሞቂያው ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ የሚበራበት አለ። ለበጋ የምትሆነዋ ስስ አንሶላ እዚህ አታዋጣም፤ ለዜሮ ዲግሪ አካባቢ የተሠራ ስሊፒንግ ባግ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የአየሩ ነገር ነው። የስፔን የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያውን በቢጫ፣ በብርቱካናማና በቀይ ቀለም ይሰጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጓዝ ሰው ተራራ በሚያቋርጥበት ቀን ብርቱካናማ ካየ ባለበት ይዋል፤ ቀይ ካየ በየትኛውም ስፍራ ከቤት አይውጣ። አካባቢውን ለዓመታት የኖሩበት ሰዎች ቃል ከስልክ ትንበያ ይበልጣል። የማደሪያው አስተናጋጅ «ዛሬ አትሂድ» ካለ ነገሩ አለቀ።

ወደ ልብስ እንምጣ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ዝግጅት ሲባል የሚያስበው እርሱን ነው። ሰውን በመንገድ ላይ የሚጎዳው ብርዱ ብቻውን አይደለም፤ እርጥበትና ነፋስ ሲተባበሩበት ነው። ከዜሮ በታች አምስት ዲግሪ በሆነ ደረቅና ጸጥ ያለ ጠዋት የሚሄድ ሰው ይሞቀዋል፤ በአምስት ዲግሪ ሙቀት፣ በዝናብና በነፋስ፣ የውስጥ ልብሱ በላብ ርሶ የሚሄድ ሰው ግን ሊወድቅ ይችላል። ከዚህ የተነሣ ልብሱ ሦስት ድርብ መሆን አለበት። ከሰውነት የሚገናኘው ላብን ወደ ውጭ የሚያወጣ የሱፍ ወይም የሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ከእርሱ በላይ ሙቀት የሚይዝ ሹራብ ወይም ፍሊስ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ዳገት ሲጀመር ከማላብ በፊት አንዱን ማውለቅ፣ ሲቆም ወዲያው መልሶ መደረብ ያስፈልጋል። ይህን የሰነፈ ሰው ውድ ጃኬት ቢለብስም አይጠቅመውም።

ጥጥ አይሆንም። ጂንስ ሱሪና የጥጥ ካናቴራ አንዴ ከራሱ ቀኑን ሙሉ አይደርቁም፣ የሰውነትንም ሙቀት ይሰርቃሉ። እዚህ ላይ ለአገራችን ሰው የሚሆን አንድ ነገር አለ። ጋቢ ብርድ ባለበት ሁሉ አብሮን የሚሄድ ልብስ ነው፤ ግን የጥጥ ነው። ደረቅ ሆኖ ማታ ማደሪያ ውስጥ ለመደረብ የሚተካከለው የለም፤ በጋሊሲያ ዝናብ ግን ውኃ ጠጥቶ የቦርሳውን ክብደት እጥፍ ከማድረግ ሌላ አይፈይድም። የመንዝ ሰው ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ባና፣ የደጋው ሰው የሱፍ በርኖሱን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። የበግ ጠጉር ርሶም ቢሆን ሙቀት ይይዛል። የዛሬዎቹ የስፖርት መደብሮች በውድ የሚሸጡት የሜሪኖ ሱፍ ካልሲና የውስጥ ልብስ የሚሠራውም በዚሁ ዕውቀት ነው።

ቦርሳው ከተጓዡ ክብደት ከዐሥር በመቶ ብዙ እንዳይበልጥ የሚሰጠው የቆየ ምክር በብርድ ወራት ትንሽ ይላላል፤ ስሊፒንግ ባጉ፣ ጓንቱና ተቀያሪው ልብስ ይጨምሩበታልና። ቢሆንም 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከስምንት ኪሎ በላይ ከያዘ ቦርሳውን ወለል ላይ ገልብጦ እንደገና ያስብ። ሁለት የልብስ ቅያሪ ይበቃል፤ አንዱ የመንገድ፣ ሌላው የማታ። የማታው ልብስ በምንም ምክንያት እንዳይረጥብ በፕላስቲክ ከረጢት ይታሰር። ጠዋት እርጥቡን የመንገድ ልብስ መልሶ መልበስ የሚያንገፈግፍ ነገር ነው፤ ደረቁን ለብሶ ወጥቶ ማታ የሚቀይሩት ማጣት ግን የባሰ ነው።

እግር የራሱ ምዕራፍ አለው። ጫማ ከመነሣት በፊት ባለው ወር ሳይሆን ሦስት ወር ቀደም ብሎ መገዛት አለበት። ከተለመደው ቁጥር በግማሽ ወይም በአንድ ከፍ ያለ ይሁን፤ እግር በብዙ ሰዓት ጉዞ ያብጣል፣ የሱፍ ካልሲውም ቦታ ይወስዳል። ልምምዱ ቀላል ነው፤ ጫማውን አድርጎ፣ ቦርሳውን ሞልቶ መሄድ። አዲስ አበባ ላለ ሰው እንጦጦን ከመውጣትና ከመውረድ የተሻለ ልምምድ የለም። በተለይ ቁልቁለቱ ጠቃሚ ነው፤ በመንገዱ ላይ ጉልበትን የሚያሳምመው ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነውና። ቅዳሜ 15 ኪሎ ሜትር ሄዶ እሑድ በደከመ እግር ደግሞ 15 ያልሄደ ሰው ሰውነቱ በሁለተኛው ቀን ምን እንደሚል ገና አላወቀም። እንዲህ ያለ ልምምድ ለሁለት ወር ያህል ቢቀጥል ጅማትና አጥንት ሸክሙን ይለምዳሉ። በዝናብ ቀንም መውጣት ያስፈልጋል፤ ጃኬቱ ውኃ ማስገባቱ መታወቅ ያለበት ገና ቤት አጠገብ ሳሉ ነው።

እግር ውኃ ከመቋጠሩ በፊት ቆዳው አንድ ቦታ ላይ ሞቅ ሞቅ ይላል። ያኔውኑ መቆም፣ ጫማ ማውለቅ፣ ቦታውን አድርቆ ፕላስተር መለጠፍ ያስፈልጋል። «እዚያ መንደር ስደርስ አየዋለሁ» ያለ ሰው ለሳምንት ያነክሳል። ማታ ደግሞ ለጫማው የሚደረግ ሥራ አለ። ማሰሪያው እስከ ታች ይፈታል፣ የውስጥ ሶሉ ይወጣል፣ ምላሱ ወደ ፊት ይጎተታል፣ ከዚያ አሮጌ ጋዜጣ ተጨማድዶ እስከ ጣቱ ጫፍ ድረስ ይጠቀጠቅበታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋዜጣው እርጥበቱን ጠጥቶ ይከብዳል፤ እርሱን አውጥቶ በደረቅ መተካት። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተለወጠ ጫማው ጠዋት ይለበሳል። ማሞቂያ ላይ መስቀል ግን ሙጫውን ያስለቅቃል፣ ቆዳውንም ይሰነጥቃል።

የሚበላ ነገር በብርድ ወራት ከቦርሳ መጥፋት የለበትም። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው ከካሪዮን ዴ ሎስ ኮንዴስ እስከ ካልሳዲያ ዴ ላ ኩዌሳ ያለው መንገድ ነው። በቡርጎስና በሌዮን መካከል ባለው ሰፊ አምባ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ 17 ኪሎ ሜትር ሙሉ አንድም መንደር የለበትም። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ከነፋስ የሚያስጠልል ነገር ብዙም አይገኝበትም። በዚህ ቦታ ላይ በረዶ የቀላቀለ ነፋስ ፊት ለፊት የገጠመው ሰው፣ ሙቅ ነገር የያዘ ቴርሞስና እየሄደ የሚቆረጥመው ስንቅ ካለው ይሻገራል። ዳቦ ቆሎና ቆሎ ለዚህ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ አይበላሹም፣ አይቀዘቅዙም፣ ጓንት ሳያወልቁ ይዘገናሉ። በሶም በሙቅ ውኃ ተበጥብጦ ፈጥኖ ያበረታል። ጭኮ ግን ቅቤ ስላለበት ከአገር ቤት ይዞ መግባት አይቻልም፤ የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ የሥጋና የወተት ውጤት መንገደኛ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላል። ውኃም ሊዘነጋ አይገባም፤ በብርድ ጥማት አይሰማም፣ ሰውነት ግን በላብና በትንፋሽ ውኃ ማጣቱን አይተውም።

የኦርቶዶክስ ምእመን ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ የነቢያት ጾም ላይ ስለሚሆን ሌላ ነገርም ያስብ። የስፔን ምግብ ቤቶች ለተጓዥ የሚያቀርቡት ምሳ ሥጋ ይበዛዋል፤ ጋሊሲያ ውስጥ ጎመን ሾርባ የሚመስለው ካልዶም ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ ወይም አጥንት አለበት። ምስርና ሽምብራ፣ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ ወይራ ዘይትና ለውዝ በየሱቁ አሉ። ማብሰያ ባለው ማደሪያ ማታ ራሱ የሠራው ምስር ወጥ ለጾሙም ለኪሱም ይስማማል፤ ጥቂት በርበሬ ይዞ መሄድ ደግሞ ቦርሳን አያከብድም። ቀኑን ሙሉ በባዶ ሆድ በረዶ ውስጥ መሄድን ግን ከንስሐ አባት ጋር ሳይመካከሩ መወሰን አይገባም።

በመንገዱ ላይ ሦስት ከፍታዎች አሉ። ከፒሬኔው ቀጥሎ ከሌዮን በኋላ የሚመጣው ክሩስ ዴ ፌሮ 1,500 ሜትር ግድም ሲሆን የመስመሩ ጣሪያ ነው፤ በረጅም ግንድ ጫፍ ላይ የቆመ የብረት መስቀል አለበት፣ ተጓዦችም ከየቤታቸው ያመጡትን ድንጋይ ከሥሩ ያኖራሉ። ሦስተኛው ወደ ጋሊሲያ የሚያስገባው ኦ ሴብሬይሮ ነው። 1,300 ሜትር ግድም ላይ የምትገኝ፣ ክብ የድንጋይ ግድግዳና የሣር ክዳን ያላቸው ጥንታዊ ቤቶች ያሉባት መንደር ናት፤ በረዶዋ ከባድ ነው።

ስለ ኦ ሴብሬይሮ የሚነገረው ታሪክ የብርድ ወራት ተጓዥን በቀጥታ ይመለከታል። በ1300 ግድም፣ ከባርሻማዮር መንደር የመጣ አንድ ገበሬ በከባድ የበረዶ ማዕበል ተራራውን ወጥቶ ቅዳሴ ሊያስቀድስ መጣ ይባላል። የሚቀድሰው መነኩሴ እምነቱ ደክሞ ነበርና፣ ለጥቂት እንጀራና ወይን ብሎ በዚህ ቀን ይህን ያህል የሚደክም ምን ዓይነት ሰው ነው ሲል በልቡ ናቀው። በዚያች ቅጽበት በመሠዊያው ላይ ያለው ኅብስት ሥጋ፣ ወይኑም ደም ሆኖ ታየ። ጽዋው ዛሬም በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይታያል። ያ ገበሬ መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው እንደነበር ግን መርሳት አይገባም።

ለእንግዳ ሰው መንገዱን ያቀናለትም የዚያው ደብር ካህን ነው። ኤሊያስ ቫሊኛ የተባሉት እኚህ ካህን ተጓዥ በተመናመነበት ዘመን የመንገዱን ታሪክ አጥንተው ጽፈዋል፤ በ1984ም ቢጫ ቀለም ይዘው ተነሥተው በዛፍ፣ በድንጋይና በግድግዳ ላይ ቀስት እየሳሉ መንገዱን ምልክት አደረጉለት። ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቀው ቢጫ ቀስት ከዚያ የመጣ ነው። እሳቸው በ1989 ዐርፈዋል። በበረዶ ቀን መሬት ላይና ዝቅ ባሉ ድንጋዮች ላይ የተሳሉት ቀስቶች ይሸፈናሉ፤ ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ በስልክ ላይ አስቀድሞ መጫን ያስፈልጋል። የስልክ ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅ ስልኩ ከውስጥ ኪስ፣ ከሰውነት ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ፓወር ባንክም አይቅር። በድሮ ዘመን በፒሬኔ በሚገኘው በኢባኜታ መተላለፊያም ሆነ በኦ ሴብሬይሮ በጉም ቀን መንገደኛ እንዳይጠፋ ደወል ይደወል ነበር። ዛሬ የአደጋ ጥሪው 112 ነው።

ብርድ የሰውን ሰውነት ሲያሸንፍ የሚያሳያቸውን ምልክቶች ማወቅ ከማንኛውም ዕቃ ይበልጣል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ሰው አጥብቆ ይንቀጠቀጣል፤ ጣቶቹ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታቸዋል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ እግሩ ይደናቀፋል። ከዚያ በኋላ መንቀጥቀጡ ካቆመ ተሻለው ማለት አይደለም፤ አደጋው ከፍቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ከነፋስ ማስጠለል፣ እርጥቡን ልብስ ማውለቅ፣ በደረቅ መጠቅለል፣ ራሱን ካልሳተ ሙቅና ጣፋጭ ነገር ማጠጣት፣ 112 መደወል። የአካባቢው ሰው በቅንነት የሚጋብዘው አረቄ የሙቀት ስሜት ይሰጣል እንጂ የደም ሥሮችን አስፍቶ የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል። የሚጎዳው ሰው ችግሩን ራሱ ላያስተውለው ስለሚችል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በብርድ ወራት የሚጓዝ ሰው ቢያንስ በተራራዎቹ ላይ ከሌላ ሰው ጋር ቢሄድ ይመረጣል። ማታ በማደሪያው የሚገናኙት ሦስት አራት ተጓዦች ለነገው ዳገት በቀላሉ ይስማማሉ።

የወረቀቱ ነገር አጭር ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው፣ አዲስ አበባም ይኑር ዱባይ፣ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ለቪዛው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድን ይጠየቃል፤ መድኑ የተራራ ነፍስ አድንን ማካተቱን ማንበብ አይቅር። ቪዛው በ180 ቀን ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን ይፈቅዳል። የተጓዥ ደብተር የሚባለው ክሬደንሲያል በየማደሪያውና በየቤተ ክርስቲያኑ ማኅተም ይመታበታል፤ ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር በእግሩ መሄዱን በማኅተም ያሳየ ሰው ሳንቲያጎ ሲደርስ ኮምፖስቴላ የሚባለውን በላቲን የተጻፈ የምስክር ወረቀት ያገኛል። በዚህ መጨረሻ ክፍል በቀን ሁለት ማኅተም ማስመታት ያስፈልጋል። በብርድ ወራት ቤቶቹ ዝግ ስለሚሆኑ ክፍት በር በተገኘበት ሁሉ ማስመታት ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነሣ ሰው የግድ 780 ኪሎ ሜትሩን በጃንዋሪ መጀመር የለበትም። 115 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ከሳሪያ የሚነሣው መንገድ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይፈጃል፤ ማደሪያዎቹ ቅርብ ለቅርብ ናቸው፣ ከፍታውም መጠነኛ ነው። ከፖርቱጋል ድንበር፣ ከቱይ ከተማ የሚነሣውም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ዝቅ ባለ አገር ስለሚያልፍ በረዶ ብዙም አያውቀውም። ዝናቡ ግን በሁለቱም ይጠብቃል፤ ጋሊሲያ በስፔን ዝናብ ከሚበዛባቸው ክልሎች አንዷ ናት። ሁለት ሳምንት ያለው ሰው ከፖርቶ ተነሥቶ 240 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ይችላል። ረጅሙ መንገድ የትም አይሄድም።

ቀን ለሚመርጥ ሰው አንድ ነገር ይታወቅ። በምዕራባውያን ዘንድ ጁላይ 25 የሚከበረው የቅዱስ ያዕቆብ በዓል እሑድ ላይ የሚውልበት ዓመት በሳንቲያጎ ቅዱስ ዓመት ይባላል፤ የሚቀጥለው 2027 ነው። የካቴድራሉ ቅዱስ በር የሚከፈተው ከዚያ በፊት በዲሴምበር 31 ምሽት ስለሆነ፣ በዚያ ብርድ ወራት ጸጥ ያለው መንገድ ከወትሮው ሊሞላ ይችላል፤ በዚያ ሰሞን ለመድረስ ያሰበ ሰው የመጨረሻዎቹን ቀናት አልጋ ቀደም ብሎ ደውሎ ይያዝ።